ጎረቤት የሌለው ሜዳ

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

ለዊጅዳን ቃል ገባሁላት። የኤ ሌቭል ፈተናዋን ስትጨርስ ካምፒንግ እንሄዳለን። አብረዋት የሚማሩት ልጆች ሁሉ ድንኳን ውስጥ አድረው ያውቃሉ፤ የእኔ ልጅ ብቻ አታውቅም። እዚሁ ለንደን፣ ሆሎዌይ ተወልዳ፣ ሆሎዌይ አድጋ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ሣር ላይ የተኛችበት አንድ ቀን የለም።

ይህንኑ ጽጌ ጸጉር ቤት ባወራ መሳቂያ ሆንኩ። እትዬ ሀምዱ ከዋይት ሲቲ ድረስ መጥተው ሂና እየተቀቡ ነበር። «እኔ ሱዳን ድንኳን ውስጥ የተኛሁት ይበቃኛል። አሁን ደግሞ ከፍዬ ልተኛ?» አሉ። ጽጌማ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ሆዷን ይዛ ሳቀች። ካሚል ማታ ስነግረው «የእኔ ወገብ ለመሬት አይሆንም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባል ተብሎ።

ይቅርባቸው። እኔና ልጄ እንበቃለን። ቀኑን ሙሉ ባለ ሁለት ፎቅ ባስ የማሽከረክር ሴት ድንኳን መትከል አያቅተኝም።

ሰዎች ካምፕሳይት ሲመርጡ ምን ምን እንደሚያዩ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አመሸሁ። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ፣ ሙቅ ውሃ አለ ወይ፣ መሬቱ ደልዳላ ነው ወይ፣ ዝናብ ቢመጣ ውሃ ይተኛበታል ወይ፣ የጎረቤት ድንኳን ምን ያህል ይርቃል። ለእኔ ግን ከሁሉም ዋናው ጸጥታው ነው። ሲመሽ ሁሉም ዝም የሚልበት ቦታ እፈልጋለሁ። ተሳፋሪ ሲጮህብኝ ነው የምውለው።

ሐሙስ፣ ሜይ 22

ሙባሽር ዛሬም አናደደኝ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ኮምቦልቻ ከእማዬ ጋር የሚኖረው እሱ ነው። እማዬ ስልክ የላትም። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ቁጥሩ አይታያትም። ስለዚህ የገዛ እናቴን ለማግኘት በእሱ በኩል ማለፍ አለብኝ፣ የእሱ ሰላምታ ደግሞ ማለቂያ የለውም። «እታለም እንዴት ነሽ፣ ባሱ እንዴት ነው፣ ካሚል ወፈረ ወይ፣ ብርዱ እንዴት አደረጋችሁ…» እኔ በእረፍት ሰዓቴ ነው የምደውለው፤ ሻዬ ሳይበርድ እረፍቱ ያልቃል።

«ሰላምታህን ተወውና እማዬን ስጠኝ» አልኩት። ሁሌም የምለው ይኼንኑ ነው፣ ሁሌም ይስቃል።

ለዓይኗ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት ብዬ የለመንኩትን ልመና አላህ ነው የሚያውቀው። ዛሬም «ከአረፋ በኋላ» አለኝ። ያንን ኢሱዙውን ይዞ ሎጊያ ለመመላለስ ጊዜ አለው፣ ለእናቱ ዓይን ጊዜ የለውም። «አንተ ሰው አይደለህም» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዘጋሁት በኋላ እማዬን እንዳላገኘኋት ትዝ አለኝ።

እሁድ፣ ሜይ 25

የሙባሽር ስልክ ዝግ ነው። ትናንትም ዝግ ነበር። አኩርፎ ነው? ሪዝ ያበቀለ ሰውዬ ያኮርፋል?

ለሪሐብ፣ ለሚስቱ ደወልኩ። ድምጿ ሻክሯል፤ ጉንፋን ነው አለች። የእሱ ስልክ ውሃ ውስጥ ወደቀ አለች። እማዬስ? ተኝተዋል። በዚህ ጠራራ ፀሐይ? «ትንሽ ደክሟቸው ነው እትዬ ረሒማ፣ ምንም አልሆኑም። ወላሂ፣ እሳቸው ምንም አልሆኑም።»

ወላሂ ብለሽ ማይልኝ መቼ አልኳት?

ማክሰኞ፣ ሜይ 27

ተአምር ነው። ሁሉም ካምፒንግ ካልሄድን ይላሉ። እትዬ ሀምዱ ከምሳ በፊት ደወሉ፤ «እኔም እመጣለሁ፣ አየር ለመቀየር» አሉ። የሱዳኑስ ድንኳን? ጽጌ ደወለች፤ ሱቋን ዘግታ ትመጣለች። ቅዳሜ ቀን ጸጉር ቤት የምትዘጋ ጽጌን እኔ አላውቃትም። ካሚል ከሥራ ሲገባ «ቤተሰብ አብሮ ቢሄድ ጥሩ ነው» አለ። ወገቡ ተሻለው መሰለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። እኔ ከልጄ ጋር ለሁለት የጀመርኩትን ነገር ያለ እኔ ተነጋግረውበታል። ሦስቱም «መቼ ነው?» ስላቸው አንድ ቃል ነው የመለሱልኝ፦ «ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ።»

አርብ፣ ሜይ 30

ፈረቃዬ በጠዋት ነው፣ በአጭሩ። ዊጅዳን ሻይ እየጠጣች፦ «ማሚ፣ አንክል ሙባሽር ሪፕላይ አላደረገልኝም። ሂ ኦልዌይስ ሪፕላይስ። የፈተና ዱዓ አድርግልኝ ብዬው ነበር።»

ስልኩ ተበላሽቷል አልኳት። ይኼ ሰውዬ ልጄን እንኳ ማናገር ተወ። ከእኔ ጋር ከተጣላ ከእሷ ጋር ምን አለው?

ሰኞ፣ ጁን 2

አሁን ደግሞ ሁሉም መራጭ ሆኑ። ካሚል ሲግናል የሌለበት ቦታ አይሆንም አለ። «ስልክ ልትጎረጉር ነው ጫካ የምትሄደው?» አልኩት። ከሒዝሮው ኤርፖርትም መራቅ የለበትም አለ። ለምን? «ለመንገዱ።» ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ መንገድ ፈራ! እትዬ ሀምዱ መኪና እስከ ድንኳኑ የሚገባበት ይሁን፣ ሰው ቢጨመር የሚያስቀምጥ ይሁን አሉ። የምን ሰው ነው የሚጨመረው?

ድሮ የሚጠይቁት ይኼን አልነበረም። እትዬ ሀምዱ እንግዳ ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚያዩት ሽንት ቤቱን ነው። አሁን ስለ ሽንት ቤት አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ሪሐብ ጋ ደወልኩ። እማዬ እየታጠበች ነው ተባልኩ። ከኋላ ሰው ሲንጫጫ ይሰማኛል፣ ቤቱ ሰው በሰው ነው። ምንድነው ስላት «ጎረቤት ቡና ሊጠጣ መጥቶ ነው» አለች፣ ወዲያው መስመሩ ተቆረጠ። ወይም ቆረጠችው።

አርብ፣ ጁን 6፣ አረፋ

በአረፋ ቀን እናቴ ድምፅዋን ሳታሰማኝ ቀርታ አታውቅም። ስደት ላይ እንኳ፣ ከሰው ስልክ ለምኜ፣ አንድም አረፋ አልዘለልንም። እማዬ «ዒድ ሙባረክ» አትልም፤ «በልተሻል?» ነው የምትለው። ይኼንን እሰማለሁ ብዬ ከሌሊት ጀምሮ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

ከሰላት መልስ ደወልኩ። ሪሐብ አነሳች። እማማ ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል አለችኝ። ዓይኗ የማያይ አሮጊት፣ በአረፋ ቀን፣ ቤቷን ትታ! ማንን ነው እንደ ሕፃን የምታታልይው አልኳት። አለቀሰች። ሙባሽርን ጥሪልኝ አልኳት፤ ባሰባት። ካሚል ስልኩን ከእጄ ወስዶ «በቃ፣ እሷንም አታስጨንቂያት፣ ኔትወርኩ ነው» አለኝ። ኔትወርክ ነው የሚያስለቅሳት?

እንግዶቹ ሲመጡ ማንም ጮክ ብሎ አላወራም። እትዬ ሀምዱ ሥጋውን ሲያነሱልኝ ፊቴን አያዩም። ሁሉንም ከቤቴ ባስወጣቸው ደስ ባለኝ ነበር። በዓል ነው ብዬ ተውኩት።

እናቴን ደብቀውብኛል። ምን አድርገዋት ነው?

አይ። አልጽፈውም።

ሐሙስ፣ ጁን 12

የመረጥኩትን አሳየኋቸው። ኬንት ውስጥ ነው፤ ንጹሕ፣ ሙቅ ሻወር ያለው፣ መስገጃ የሚሆን ሜዳ ያለው፣ ከመሸ እስኪነጋ ጮክ ብሎ ማውራት የተከለከለበት። ጽጌ አላስጨረሰችኝም።

«የጸጥታ ሰዓት ያለበት አይሆንም።»

«ለምን? ከበሮ ልትመቺ ነው?»

«ሰው ሊጫወት ይችላል፣ ሊሳሳቅ…»

«በሌሊት?»

«ረሒማ፣ ጎረቤት ያለበት አይሆንም አልኩሽ፣ በቃ!» ጽጌ ስትቆጣ ዓይኗ ይቀላል፣ ዛሬ ግን እንባ ነበረበት። እትዬ ሀምዱ የወለሉን ምንጣፍ ያያሉ። ካሚል ሳህኖቹን ሰብስቦ ወጥ ቤት ገባ።

የጽጌ ነገር ይገባኛል፤ ከአምናው ነው። አምና አባቷ ጎንደር ያረፉ ጊዜ እኛው ነን የነገርናት። ማልደን፣ ገና ሳይነጋ፣ ተሰብስበን ሄደን በሯን አንኳኳን። ክንዷን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ስትጮህ ከላይ ያለው ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ሁለት ፖሊሶች ገብተው እሷን ለብቻዋ ወጥ ቤት አስገቡና «ማነው የመታሽ?» ይሏታል። አባቴ ሞቶ ነው ብትል አላመኗትም፤ ሰው ለአባቱ እንዲህ ይጮኻል ብለው አላሰቡም። ለቅሶዋን ዋጠችው። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ጽጌ አይደለችም። ለዚህ ነው ጎረቤት የምትጠላው።

ግን ካምፒንግና ይኼ ምን አገናኘው? ምንም። ኬንቱን ካንስል አደረኩት። ተናድጄ ነው ያደረኩት።

እሁድ፣ ጁን 15

ካሚል ሳህን አጠበ። ምንጣፉን ጠረገ። ትናንት ገበያ ሄዶ እኔ የምወደውን ማንጎ ገዝቶ መጣ። ሃያ አንድ ዓመት ስንኖር በራሱ ፈቃድ ሳህን ሲያጥብ አላየሁትም። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን? ብጠይቀው «አስተግፊሩላህ» አለና ግንባሬን ሳመኝ። ግንባሬን! ሕመምተኛ ነኝ እንዴ?

ማታ ደግሞ «ፓስፖርትሽ የት ነው? ኤክስፓየር እንዳያደርግ ቼክ ላድርግልሽ» አለ። ለካምፒንግ ፓስፖርት። ወርውሬ ሰጠሁት።

ያዝንልኛል። ይኼ ነው የሚያናድደኝ። ሁሉም ያዝኑልኛል፣ በምን እንደሚያዝኑልኝ ግን የሚነግረኝ ወንድ የለም።

ረቡዕ፣ ጁን 18

ባሱ ላይ ሁለት የእኛ ሰዎች ተሳፈሩ። አላውቃቸውም። ከኋላዬ ቆመው በአማርኛ ያወራሉ፤ ባስ የሚነዳ ሐበሻ የሌለ ይመስላቸዋል። ከዚያ አንደኛዋ በመስታወቱ አየችኝ።

«ይቺ አይደለችም እንዴ ረሒማ የሚሏት? የካሚል ሚስት?»

«ዝም በይ፣ ትሰማለች።»

«እስካሁን አልነገሯትም?»

«ልጅቷ ፈተና እስክትጨርስ ነው አሉ። ውይ፣ ምስኪን።»

የሚቀጥለውን ፌርማታ ሳልቆም አለፍኩት። ሰዎች ደወሉን እየደጋገሙ ሲጫኑ ነው የነቃሁት። አንድ ሽማግሌ ሰደበኝ፣ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሴቶቹ ሲወርዱ አላዩኝም።

ስለሌላ ሰው ይሆናል። ረሒማ ብዙ አለ። ለንደን ውስጥ ፈተና ያለበት ልጅ ብዙ ነው።

አርብ፣ ጁን 20

ዊጅዳን ጨረሰች። አልሐምዱሊላህ። በሩ ላይ አቅፋኝ «ዲድ ኢት፣ ማሚ!» አለች። ካሚል ሲያያት አለቀሰ። የደስታ ነው አለ።

እኔ አላለቀስኩም። አሁን ፈተናው አልቋል። አሁን እንግዲህ ምን ይሉኛል ብዬ ፊታቸውን አያለሁ። የሚሉኝ «ካምፕሳይቱን መረጥሽ?» ብቻ።

እሁድ፣ ጁን 22

ዛሬ ቡክ አደረኩ።

ከአንዲት ገበሬ ሴትዮ ነው። ከዊንዘር ወዲያ፣ ሜዳ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቡድን ብቻ የምታስገባበት። ጎረቤት የለም። የቅርቡ ቤት የእሷ ነው፣ እሱም ከኮረብታው ጀርባ ነው። ሻወር የለውም፤ ሽንት ቤቱ የፕላስቲክ ነው፤ ውሃው ከቧንቧ፣ ቀዝቃዛ። ሲግናል በሩ አጠገብ ጥሩ ይሠራል አለችኝ። መኪና እስከ ድንኳኑ ይገባል። አውሮፕላን ማረፊያው ሩቅ አይደለም፣ ሲነሱ ይታያሉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቅኳት። ሊነጋ ሲል ብንጮህ የሚከፋው ሰው አለ ወይ? ልደት ነው እንዴ አለችኝ። አይደለም አልኳት። «ካሉ በጎቼ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ማንንም አይከሱም» አለች። ይኼን ያህል ቀጥ ያለ መልስ በዚህ አንድ ወር ከገዛ ሰዎቼ አላገኘሁም።

ለሦስቱም ነገርኳቸው። ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። ካሚል «አላህ ይስጥሽ» አለኝ። ጽጌ እጄን ጨበጠች፣ አላስለቀቀችኝም። ሻወር የለውም አልኳቸው። ችግር የለም። ሽንት ቤቱ የሚሸት ነው አልኳቸው። ችግር የለም። ሰባ ሊሞላቸው የደረሱት፣ በሌሊት ሁለቴ የሚነሱት እትዬ ሀምዱ ችግር የለም አሉኝ!

ለምን እሱን እንደመረጥኩት ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልናገርም።

ሐሙስ፣ ጁን 26

ሻንጣ እያዘጋጀሁ ነው። ለዊጅዳን ወፍራም ሹራብ። ለእኔ ጥቁሩን ቀሚስ።

ለሙባሽር ዝግ ስልክ የድምፅ መልእክት ላክሁ። አይደርሰውም፣ ይሁን። እንዲህ አልኩት፦ «አንተ ነህ። ሁሉም ቢዋሽ ልክ ነው፣ ባዳ ናቸው፤ አንተ ግን ወንድሜ ነህ። ስልክህን ዘግተህ፣ ሚስትህን ከፊቴ አቁመህ፣ ትደበቃለህ? ዓይኗን ብታሳክምልኝ ኖሮ፣ አዲስ አበባ ብትወስዳት ኖሮ፣ ሐኪሙ ሌላውንም ሕመም ያገኘው ነበር። ከአረፋ በኋላ፣ ከአረፋ በኋላ! አረፋው ይኸው አለፈ። እሷስ? አፈር ሳለብሳት፣ ፊቷን ሳላይ፣ አንተ ብቻህን ቀብረሃት ተመለስክ። ዕድሜ ልኬን አልረሳልህም።»

አልኩት። ወጣልኝ። አንድ ወር ሙሉ ሳልጽፈው የቆየሁት ይኼ ነበር። እናቴ ሞታለች። ይኸው ጻፍኩት።

በሱብሒ፣ ሊነጋ ሲል ነው የሚነግሩኝ። አውቀዋለሁ፣ ስንቱን ነግሬያለሁ። አልጋ ላይ አያገኙኝም።

ቅዳሜ፣ ጁን 28

ደርሰናል። ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ካሚል ገመድ ይዞ ቆሟል። ዊጅዳን በጎቹን ቪዲዮ እያነሳች ነው። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆየሁ። ምንም አታውቅም። በእሷም ተናድጃለሁ፣ ያለ ጥፋቷ፣ ደስ ስላላት።

ሲመሽ ከመስጊድ ሁለት ሽማግሌዎች በመኪና መጡ። «በዚህ ስናልፍ» አሉ። በዚህ ማን ያልፋል? መንገዱ ሜዳው ላይ ነው የሚያልቀው። ሻይ ቀዳሁላቸው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 1

ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል። እኔ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ ነው የምጽፈው። ማታ ወደ አገር ቤት እንበራለን። ካሚል በሩን እየቆረቆረ «ረሒማ፣ ደህና ነሽ?» ይለኛል። አልመልስለትም። አምስት ሳምንት አጠገቤ ተኝቶ የዋሸኝ ሰው ደህንነቴን አይጠይቀኝ። «ለልጅቷ ብለን ነው» ይላል። ልጅቷ ራሷ አላናግርም ብላው ክፍሏ ውስጥ ናት። እሷ ብትወድቅም በሚቀጥለው ዓመት ትፈተናለች። እኔ ሦስቱን የለቅሶ ቀን ከሰው ጋር አልተቀመጥኩም፣ ዱዓ አላደረስኩም፣ አረፋን ስስቅ እንድውል ጠበቁ እንጂ ማንም «ያንቺ ነው፣ አንቺ እወቂው» አላለኝም።

እሁድ እንዲህ ነው የሆነው።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሰማዩ ሲገረጥ ዉዱእ አደረኩ፣ ሰገድኩ፣ ጥቁሩን ቀሚስ ለበስኩ፣ ወንበር አውጥቼ ከድንኳኑ ፊት ተቀመጥኩ። ሣሩ ርሶ ነበር። ወዲያው መጡ። ከፊት ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላ ካሚልና እትዬ ሀምዱ። ጽጌ ዞራ ከጎኔ ቆመች፣ ክንዴን ለመያዝ። ለብሼ ተቀምጬ ስላገኙኝ የሚጀምሩበት ጠፋቸው።

«አትልፉ» አልኳቸው። «አውቄያለሁ።»

«ምኑን ነው ያወቅሽው ልጄ?» አሉ እትዬ ሀምዱ።

«የእማዬን መሞት ነዋ! እስከ መቼ ልትደብቁኝ ነበር? እርስዎ እትዬ ሀምዱ፣ እናቴ ነዎት እያልኩ፣ በአረፋ ቀን ሥጋ ያጎርሱኛል? ባስ ላይ ነው የሰማሁት፣ ከማላውቃቸው ሰዎች! ጎረቤት የሌለበት፣ ጸጥታ ሰዓት የሌለበት… ይኸው መረጥኩላችሁ፣ ለራሴ መጮኺያ ራሴ ቡክ አደረኩላችሁ! ሌላ ምን ቀራችሁ?»

የሰደብኳቸውን ስድብ አልደግመውም። የአንደኛው ሽማግሌ አፍ «ኢና ሊላሂ» ሊል ተከፍቶ እንደተከፈተ ቀረ። እርስ በርስ ተያዩ። ጽጌ ክንዴን ለቀቀችው።

«እናትሽ?» አሉ እትዬ ሀምዱ። «እናትሽ ሞተች ያለሽ ማነው?»

ካሚል ስልኩን አውጥቶ ወደ በሩ ሮጠ። ሪሐብን ሲያዋራት ይሰማኛል። «እማማን አቅርቢልኝ። አሁን። የግድ ነው።» ከዚያ እየጠራኝ እጁን ዘረጋ። ሮጬ ደረስኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

«ረሒማ» አለችኝ።

እማዬ ናት። እሷው ራሷ፣ ድምፅዋ ትንሽ ደክሟል እንጂ እሷው ናት።

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ። ከሆሎዌይ የሚሰማ ይመስለኛል። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ እማዬ!» ዘለልኩ። ጽጌ ተከትላኝ መጥታ ነበር፣ በአንድ እጄ አቀፍኳት፣ እየሳቅኩ። አላቀፈችኝም። እጇ ወደታች ተንጠልጥሎ ቀረ። ለምን እንደማትስቅ አልገባኝም፣ አናደደችኝም።

እማዬ ረጅም ትንፋሽ ስትስብ ሰማኋት።

«ጎሽ ልጄ» አለችኝ። «ጎሽ። ነግረውሻል ማለት ነው። ሶብር እንዲህ ነው። እኔኮ እስከዛሬ ስልክ አልይዝም ያልኩት ድምፅሽን ስሰማ አልችልም ብዬ ነው፤ አልቅሼ እንዳላስደነግጥሽ። አንቺ ሰምተሽ እንዲህ አልሐምዱሊላህ ካልሽ እኔም እችላለሁ። መኪናው ሲገለበጥ ብዙም አልተሰቃየም አሉኝ። የሰጠን ነው የወሰደው። አውፍ በይው ልጄ፣ ይቅር በይው። ወንድምሽን አውፍ በይው። እንዳንቺ የሚወደው ሰው አልነበረም።»

ሁሉም ያዩኛል። ካሚል ሁለቱን እጆቹን ዘርግቷል፣ ስወድቅ ሊይዘኝ። ሜዳው ባዶ ነው፣ ከበጎቹ በቀር የሚሰማ የለም፣ ቢሰማም ማንም አይመጣም። ለዚህ ብዬ የመረጥኩት ቦታ ነው።

«አውፍ ብዬዋለሁ፣ እማዬ» አልኳት።

እየሰማችኝ ስለነበር አልጮህኩም።